ንግሥቲቱን ማን ያነግሣታል?

ሰው የንብ ቀፎ ሲያይ ቤተ መንግሥት የሚታየው ከጥንት ጀምሮ ነው። አርስቶትል ከመንጋው መካከል ተለይታ የምትታየውን ረዥም ንብ «ንጉሥ» እያለ ጻፈ፤ ከእሱ በኋላ የመጡ የአውሮፓ ሊቃውንትም ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ይህንኑ ሲደግሙ ኖሩ። በእኛም አገር ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፣ ይህም የመንገሡ ምልክት ሆነ የሚለው ትውፊት ከዚሁ አስተሳሰብ የሚቀዳ ይመስለኛል። ንብ ራሷ ንጉሥ ያላት ፍጥረት ስለሆነች ንጉሥን በሕፃንነቱ ታውቃለች እንደ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተነቃበት ስሕተት የጾታው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1586 ሉዊስ ሜንዴዝ ደ ቶሬስ የሚባል ስፔናዊ «ንጉሡ» እንቁላል የምትጥል ሴት መሆኗን ጻፈ። በ1609 እንግሊዛዊው ቄስ ቻርልስ በትለር ቀፎው የሴት መንግሥት ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከሞተች ገና 6 ዓመቷ ነበርና ሴት ዙፋን ላይ መቀመጧ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚያው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ንግሥቲቱን ሰንጥቆ በአጉሊ መነጽር መረመረና በሆዷ የታጨቀውን የእንቁላል ዕቃዋን አሳየ። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

ጾታዋ ታረመ፤ ዘውዱ ግን ከራሷ አልወረደም። እንዲያውም «ንጉሡ» በ«ንግሥቲቱ» ሲተካ ቀፎው ይበልጥ ቤተ መንግሥት መሰለ፦ ደንገጡሮች አሏት፣ ልዩ ምግብ ይቀርብላታል፣ ተቀናቃኞቿን ትገድላለች፣ ያለ ተተኪ ከሞተች ቤቱ ይፈርሳል። እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው እውነት ነው፤ ድምሩ ግን ሐሰት ነው። ያለፉት 250 ዓመታት ምርምር ደረጃ በደረጃ ያወጣው ሐቅ ንግሥቲቱ ቀፎውን እንደማትገዛ፣ ሠራተኞቹ ሲያስፈልጋቸው የሚያበጇት፣ ሲበቃቸውም የሚተኳት መሆኗን ነው። ለአገራችን ንብ አናቢ ደግሞ ነገሩ የኪስ ጉዳይ ነው። ዘመናዊ ቀፎ ስናከፋፍል ዓመታት አለፉ፤ ንግሥት የማሳደግ ሙያ ግን አብሮ አልተከፋፈለም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ በፊት ሠራተኞቹ ንግሥት እንዴት እንደሚያበጁ እንይ።

በ1760ዎቹ በጀርመን ምሥራቅ፣ በላውዚትስ አካባቢ ይኖር የነበረ አዳም ጎትሎብ ሺራክ የሚባል ቄስ ጥቂት ሠራተኛ ንቦችን ንግሥት በሌለበት ሣጥን ውስጥ ዘጋባቸው። አብሮ የሰጣቸው ሠራተኛ ንብ ለመሆን የታሰቡ እጮች ያሉበትን ቁራጭ የሰም እንጀራ ነው። ንቦቹ ከእጮቹ መካከል ጥቂቶቹን መርጠው፣ የተኙበትን ቀዳዳ አፍርሰውና አስፍተው፣ ንግሥት አወጡ። ብዙዎች ተጠራጠሩት። ዐይነ ስውሩ የጄኔቭ ሰው ፍራንስዋ ሁበር ግን እንጀራዎቹ በማጠፊያ ተያይዘው አንድ በአንድ የሚገለጡበት ቀፎ አሠርቶ፣ ፍራንስዋ ቡርነንስ የተባለው ረዳቱ በዐይኑ እያየ እየነገረው፣ ሙከራውን ደጋግሞ ትክክል ሆኖ አገኘው። መጽሐፉ በ1792 ወጣ። እስከ ዛሬ ስለ ንግሥት ከምናውቀው ውስጥ ብዙው የተመሠረተው ማየት በማይችል ሰው ጥያቄና በአንድ አገልጋይ ዐይን ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የሺራክ ሙከራ ያስረዳው የንግሥቲቱ እንቁላል ከሠራተኛዋ እንቁላል በምንም እንደማይለይ ነው። ዘር ቆጥሮ የሚመጣ የለም፤ አልጋ ወራሽ የለም። ሁለቱም በሦስተኛው ቀን ይፈለፈላሉ። ለሁለቱም ሞግዚት ንቦች ከራሳቸው ዕጢዎች የሚያመነጩትን ነጭ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ወፈር ያለ ምግብ ያቀርቡላቸዋል። ሠራተኛ እንድትሆን የተተወችው እጭ ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ ማርና የአበባ ብናኝ ይቀላቀልባታል። ንግሥት እንድትሆን የታጨችው ግን ሮያል ጄሊ የተባለውን ንጹሑን ምግብ እስከ መጨረሻው ትመገባለች፤ እላዩ ላይ ተንሳፍፋ ትኖራለች ማለት ይቀላል። ከዚያም ቤቷ በሰም ይታሸጋል፣ ውስጥ ሆና ትለወጣለች፣ እንቁላሉ በተጣለ በ16ኛው ቀን ክዳኑን በመንጋጋዋ ዙሪያውን ቆርጣ ትወጣለች። ሠራተኛዋ 21፣ ድንጉላው (ወንዱ ንብ) 24 ቀን ይፈጅባቸዋል። በአካል የምትበልጠው ፈጥና መድረሷ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ቀድማ የወጣችው ሌሎቹን በየቤታቸው እንዳሉ እንደምትገድል ሲታወቅ ግን ችኮላው ይገባል። የዘገየች ንግሥት ዘር አልተረፈም።

የንግሥት ቤት በቀፎ ውስጥ ካለው ሁሉ ይለያል። የሠራተኛና የድንጉላ ቀዳዳ ወደ ጎን የተኛ ሲሆን የንግሥት ቤት የለውዝ ቅርፊት መስሎ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ አፉም ወደ ታች ነው። እጯ እንግዲህ ጣሪያው ላይ ተገልብጣ ነው የምታድገው። በአምስት ቀን ተኩል ውስጥ ክብደቷ ከሺህ እጥፍ በላይ ሲጨምር ለምን አትወድቅም? መልሱ የተገኘው በቅርቡ፣ በ2018 ነው። አንያ ቡትሽቴትና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት በሮያል ጄሊ ውስጥ ዋነኛ የሆነው ፕሮቲን አፒሲሚን ከሚባል ትንሽ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ረዣዥም ክሮች ይሠራል፤ ምግቡ ወፍሮ እጯን አጣብቆ የሚይዛትም በእነዚህ ክሮች ነው። ክሮቹ የሚቆሙት ግን ምግቡ አሲድ ሲሆን ነው። ተመራማሪዎቹ አሲድነቱን ሲቀንሱት ጄሊው ቀጠነ፤ እጮቹም ወደቁ። ኮምጠጥ ማለቱ ለጣዕም አልነበረም።

ይህ ምግብ ምን ቢኖረው ነው ንግሥት የሚያወጣው? እዚህ ላይ የሳይንሱ ታሪክ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በእጮች ውስጥ ዲኤንኤ ላይ ኬሚካዊ ምልክት የሚያኖረውን አንድ ኢንዛይም አዳከሙ፤ ከእጮቹ አብዛኞቹ የንግሥት አካል ይዘው ወጡ። ምግቡ የሚሠራው የትኛው ዘረ መል ይነሣ፣ የትኛው ይተኛ የሚለውን በመወሰን ነው የሚለው ሐሳብ ጉልበት አገኘ። በ2011 ጃፓናዊው ማሳኪ ካማኩራ ሮያል ጄሊን በ40 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ቀን አስቀምጦ ኃይሉን እንደሚያጣ ካሳየ በኋላ፣ ጥፋቱን ሮያላክቲን ብሎ በጠራው አንድ ፕሮቲን መፍረስ ላይ አደረገ። የንግሥትነት ምሥጢር በመጨረሻ ተገኘ ተባለ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። በ2016 ደግሞ የቡትሽቴት ቡድን ያንን ፕሮቲን ከጄሊው አውጥቶ እጮችን መገበ፤ ንግሥቶች ወጡ። ቁልፉ አንድ ነው የሚለው ተስፋ በዚህ ተናጋ።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን በ2015 የመጣው ሌላ አቅጣጫ ነው። በማርና በአበባ ብናኝ ውስጥ ፒ-ኩማሪክ አሲድ የሚባል የዕፅዋት ቅመም አለ፤ በሮያል ጄሊ ውስጥ ግን የለም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቅመም ከምግባቸው ጋር የቀላቀሉላቸው እጮች የእንቁላል ዕቃቸው አንሶ ተገኘ። በዚህ ከሄድን ጥያቄው ይገለበጣል። እስካሁን ሁሉም የጠየቀው ንግሥቲቱ ምን ተጨመረላት ብሎ ነበር፤ ምናልባት መጠየቅ የነበረበት ሠራተኛዋ ምን ተደረገባት ተብሎ ነው። ከዕፅዋት ምግብ የተጠበቀችው ሙሉ ሴት ሆና ስታድግ፣ ያልተጠበቀችው ማሕፀኗ ይዘጋል። ሠራተኛዋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምታገኘው ምግብ ስኳሩ ከንግሥቲቱ ያነሰ መሆኑም በዚሁ ላይ ይደመራል፤ ስኳር የበዛላት እጭ አብዝታ ትበላለች፣ አብዝታ የበላችው ታድጋለች። አንድ ተአምረኛ ፕሮቲን የሚፈልግ ሰው ይህ አያረካውም። እኔ ግን ስኳሩም፣ መጠኑም፣ ያልተጨመረው ነገርም አብረው የሚሠሩ ናቸው የሚለውን እቀበላለሁ፤ ሁሉም የሚያልፉት በሞግዚቶቹ አፍ ነውና።

በነገራችን ላይ፣ በየመድኃኒት ቤቱና በየመዋቢያ ሱቁ ሮያል ጄሊ ዕድሜ ያረዝማል እየተባለ በውድ ይሸጣል። ንግሥቲቱ ዓመታት፣ ሠራተኛዋ በሥራ ወቅት ሳምንታት መኖሯ እውነት ነው። ያ ልዩነት ግን የመጣው በእጭነት ጥቂት ቀናት ውስጥ በተቀየሰ አካል ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው በማንኪያ ቢውጠው እንደ እጭ እንደገና አይቀየስም።

ንግሥት መሆን ማጣትም አለበት። በሁለቱም ወገን እንቁላል የሚያወጡት ቱቦዎቿ ከ150 በላይ ሲሆኑ የሠራተኛዋ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በምላሹ ሰም የሚያመነጭ ዕጢ የላትም፤ ብናኝ የምትሸከምበት ቅርጫት እግሯ ላይ የለም፤ ለልጆቿ የሚሆን ምግብ ማመንጨት አትችልም። በደጉ ወቅት በቀን 1,500 እንቁላል ያህል ትጥላለች፤ ይህም ከራሷ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሞግዚቶቹ ሳያቋርጡ ካላጎረሷት ግን ይህ ሁሉ አይሆንም። ጉርሻው ሲቀንስ እንቁላሉ ይቀንሳል፤ የቀፎው የልደት መጠን ያለው በአጉራሾቹ እጅ ነው።

ወንድ ወይስ ሴት የሚለው እንኳ የእሷ ብቻ ውሳኔ አይደለም። ያልዳበረ እንቁላል ድንጉላ፣ የዳበረው ሴት ይሆናል፤ ይህን ያወቀው በ1845 የጻፈው የሲሌዥያው ቄስ ያን ጄርዞን ነው። ንግሥቲቱ እንቁላል ከመጣሏ በፊት ራሷን ወደ ቀዳዳው አስገብታ በፊት እግሮቿ ስፋቱን ትለካለች። ጠባብ ከሆነ ካጠራቀመችው የወንድ ዘር ጥቂት ትለቅበታለች፤ ሰፊ ከሆነ አትለቅም። ጠባቡንም ሰፊውንም የሠሩት እነማን ናቸው? ሠራተኞቹ። እሷ የተጻፈላትን ታነባለች ማለት እንችላለን።

ያ የወንድ ዘር የሚጠራቀመው በወጣትነቷ ጥቂት ቀናት ነው። ከወጣች ከሳምንት ገደማ በኋላ ፀሐያማ ቀን ጠብቃ ትበራለች። በዙሪያው ካሉ ቀፎዎች የመጡ ድንጉላዎች ከመሬት ከፍ ብለው በሚሰበሰቡበት ቦታ ትገኛለች፤ በአየር ላይ ከአሥር እስከ ሃያ ከሚሆኑት ጋር ትገናኛለች። እያንዳንዱ ድንጉላ በግንኙነቱ ይሞታል። ያጠራቀመችው ጥቂት ሚሊዮን ዘር ለዕድሜዋ ሁሉ መብቃት አለበት፤ ዳግመኛ ለዚህ ጉዳይ አትወጣም። የአባቶቹ መብዛት ደግሞ በከንቱ አይደለም። ሄዘር ማቲላና ቶማስ ሲሊ በ2007 ባወጡት ጥናት ብዙ አባት ካላቸው ሠራተኞች የተመሠረተ መንጋ፣ የአንድ አባት ልጆች ከሆኑት ይልቅ እንጀራ ፈጥኖ እንደሚሠራና ምግብ አብዝቶ እንደሚያከማች አሳይተዋል። ለንብ ማራቢያ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቲቱን መምረጥ ይቻላል፣ አባቶቹን ግን ሰማዩ ይመርጣቸዋል።

ከሁሉ ለቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጠበቃ ሊሆን የሚችለው ጠረኗ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ከንግሥቲቱ መንጋጋ ዕጢ የሚወጣው ዋና ቅመም ተለየ፤ በ1988 ደግሞ የካናዳ ተመራማሪዎች የአምስት ቅመሞች ድብልቅ መሆኑን አሳዩ። በዙሪያዋ ያሉት ንቦች ይልሷታል፣ በአንቴናቸው ይዳስሷታል፣ ጠረኑን ይዘው ቀፎውን ያዳርሳሉ። ይህ ጠረን እስካለ ድረስ ሠራተኞቹ ሌላ ንግሥት አያሳድጉም፤ እንቁላላቸውም ታፍኖ ይቆያል። ንግሥቲቱ ከጠፋች በሰዓታት ውስጥ ያውቃሉ፤ ሳይመሽ ሳይነጋ የንግሥት ቤት ጀምረው ይገኛሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ አገዛዝ ተብሎ ተተረጎመ፦ በጠረኗ ሴቶቹን ታመክናለች ተባለ። በ1993 ሎራን ኬለርና ፒተር ኖናክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ግን አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ። ጠረኑ ሠራተኞቹን የሚጎዳ መርዝ ቢሆን ኖሮ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ማምለጫ አያበጁለትም ነበር? ስለዚህ ምልክት ነው አሉ፤ «አለሁ፣ ጤነኛ ነኝ፣ እንቁላል እየጣልኩ ነው» የሚል። ሠራተኞቹ የሚታዘዙት የራሳቸው ጥቅም በዚያ ስላለ ነው። ምልክቱ ሲደክም ዝም ብለው አያስታምሟትም፤ በእንጀራው መካከል አንድ ሁለት የንግሥት ቤት ይሠሩና ይተኳታል። አንዳንዴም ተጠጋግተው ከበው፣ ጨብጠው፣ በሙቀት ይገድሏታል።

መንጋ ሲወጣ ያለውን ያየ ሰው ስለ ሥልጣኗ የሚቀረው ጥርጣሬ አይኖርም። ቀፎው ሲጠብ ሠራተኞቹ በእንጀራው የታችኛው ጠርዝ አሥር፣ አሥራ አምስት የንግሥት ቤት ይደረድራሉ። አሮጊቷን መመገብ ይቀንሳሉ፤ እየገፉና እያንቀጠቀጡ በቀፎው ውስጥ ያመላልሷታል። ከስታ መብረር ትችል ዘንድ ነው። ቤቶቹ ሲታሸጉ ግማሹን የሚበልጥ ሠራተኛ ይዟት ይወጣል፤ እሷ ትመራለች ማለት አይቻልም፣ ትወሰዳለች። ቅርንጫፍ ላይ ሲሰፍሩም አዲሱን ቤት የሚፈልጉት፣ የሚከራከሩበትና የሚወስኑት ጥቂት መቶ አሮጌ ቃኚ ንቦች ናቸው፤ ሲሊ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በዝርዝር ጽፎታል። ንግሥቲቱ በዚያ ጉባኤ ድምፅ የላትም።

በቀድሞው ቀፎ ደግሞ ሌላ ነገር ይካሄዳል፤ ማታ ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ የሚያዳምጥ አናቢ ሊሰማው ይችላል። ቀድማ የወጣችው ወጣት ንግሥት እንጀራው ላይ ደረቷን ተጭና ረዘም ያለ «ቲ—ት» ታሰማለች። ገና በቤታቸው ያሉት ደግሞ አጠር አጠር ባለ ወፍራም ድምፅ ይመልሱላታል። በትለር በ1609 ይህን በሙዚቃ ኖታ ጽፎታል። ሁለት ንግሥቶች ለጦርነት የሚጠራሩ ነው የሚመስለው። የሚመልሱት ግን ለመውጣት ደርሰው ሳለ የታሰሩ ናቸው፤ ክዳናቸውን በቆረጡ ቁጥር ሠራተኞቹ መልሰው ያሽጉባቸዋል፣ በጠባብ ቀዳዳም ያጎርሷቸዋል። ሌላ መንጋ ለመስደድ በቂ ሠራተኛ ካለ የወጣችዋ ይዛ ትሄዳለች፣ ቀጣይዋ ትለቀቃለች። ሠራተኛው ካነሰ ጥበቃው ይነሣል፤ ያኔ የወጣችው የእያንዳንዷን ቤት በጎን ቀድዳ ትነድፋታለች። ስለ ንግሥቶች ፍልሚያ ብዙ ተጽፏል፤ ፍልሚያው መቼ ይፈቀድ የሚለውን የሚወስኑት ግን ሌሎች ናቸው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ አብዛኛው ማር ግን አሁንም የሚመጣው ከባህላዊ ቀፎ ነው። ገበሬው ንብ የሚያገኘው መንጋ በመያዝ ነው፦ ቀፎውን በወይራና በሌላ መዓዛ ባለው ቅጠል ያጥንና ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ኑግ ሲያብብ፣ ከሌላ ቀፎ የወጣ መንጋ ይገባለታል። አውራዋን ያገኘ በትንሽ ማሰሪያ ውስጥ አድርጎ ቀፎው ውስጥ ያኖራታል፤ እሷ ከቆየች መንጋው እንደማይኮበልል ያውቃል። ይህ ዕውቀት አይናቅም። ግን የሚያዋጣው ዛፍና አበባ፣ እንዲሁም የሚሰደድ መንጋ እስካለ ነው፤ ደን በተመናመነበትና ፀረ አረም በበዛበት አካባቢ የተሰቀለው ቀፎ ባዶውን ይከርማል።

ከዚያ ዘመናዊው ቀፎ መጣ። ላንግስትሮዝ የተባለ ሰው በ1852 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት የዚህ ሣጥን ፍሬሞች ሳይፈርሱ የሚወጡና የሚገቡ ናቸው። ሰዎች የሚያወሩለት ማሩን ሳይጨፈልቁ ስለማጣራቱ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን፣ እንደኔ፣ አናቢው እያንዳንዱን እንጀራ አንሥቶ የንግሥት ቤት መኖር አለመኖሩን፣ የት እንዳለ፣ እንቁላሉ በሥርዓት መጣሉን ማየት መቻሉ ነው። ከታች ጠርዝ ላይ ከተደረደረ መንጋ ሊወጣ ነው፤ ከመካከል አንድ ሁለት ካለ ንግሥቲቱ ልትተካ ነው፤ የሠራተኛ ቀዳዳ ተጎትቶ ወደ ታች ከታጠፈ በድንገት ጠፍታባቸው ነው። ይህን ማንበብ ያልተማረ ሰው ዘመናዊውን ቀፎ ከግንድ ቀፎ የተለየ አያደርገውም። እንዲያውም ውድ ሣጥን ገዝቶ መንጋው ሲኮበልልበት ኪሳራው ይብሳል። በየቦታው ዕቃ ማስቀመጫ የሆኑ ቀፎዎች የምናየው ለዚህ ይመስለኛል።

ንግሥት ማሳደግ ራሱ ድብቅ ጥበብ አይደለም። አሜሪካዊው ጊልበርት ዱሊትል በ1889 የጻፈው መንገድ እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም፦ ከጥሩ መንጋ ዕድሜዋ አንድ ቀን ያህል የሆነች እጭ በቀጭን ማንኪያ መሰል ዘንግ ከሥሯ ታነሣለህ፤ በሰም በተሠራች ትንሽ ጽዋ ታኖራታለህ፤ ጽዋዎቹን አፋቸውን ወደ ታች አድርገህ ንግሥት ለሌለው ብርቱ መንጋ ትሰጣለህ። የቀረውን ሞግዚቶቹ ያውቁበታል። እጅን የሚፈትነው እጯን ሳይገለብጡ ማንሣቱ ነው፤ የምትተነፍስበት ወገን ከምግቡ ሥር ከገባ ትታፈናለች። ዕድሜዋ ካለፈም ንግሥት ትሆናለች፣ ግን የእንቁላል ቱቦዎቿ ያነሱ ደካማ ትሆናለች። ሆለታ በሚገኘው የንብ ምርምር ማዕከል ከዚህ ቀለል ያሉ፣ መንጋን በመክፈልና በማጨናነቅ የሚሠሩ ዘዴዎች ተሞክረዋል። ለገበሬ የሚስማማው ይኸው ይመስለኛል፤ ንቦቹ በራሳቸው የሠሩትን የንግሥት ቤት ከነእንጀራው ቆርጦ ለሌላ ቀፎ መስጠት ቢላዋና ጥንቃቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አቋራጭ አለ የሚሉ አሉ፤ ብዙ ማር የምትሰጥ፣ ረጋ ያለች ንግሥት ከውጭ ማስመጣት። ለዚህ የብራዚልን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1956 ዋርዊክ ኬር የተባለ ተመራማሪ ከደቡብና ከምሥራቅ አፍሪካ ንግሥቶች ወስዶ በሪዮ ክላሮ አጠገብ ባለ ጣቢያ አኖራቸው። በየቀፎው በር ሠራተኛ የሚያሳልፍ፣ ንግሥት የማያሳልፍ ማገጃ ተደርጎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አንድ ጎብኚ አናቢ ማገጃዎቹን አነሣቸው፤ 26 መንጎች ንግሥቶቻቸውን ይዘው ወጡ። ዘራቸው በ1990 ቴክሳስ ደረሰ። እዚያ የሄደው ያፍሪካ ንብ ስለነበር የአካባቢውን ዋጠው፤ እዚህ ሌላ ቢመጣ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር አይቻልም። የኛ ንብ ለደጋውም ለቆላውም ራሱን አስማምቶ የኖረ ነው። የሚያስቸግረው መንጋ መስደድ መውደዱና ቶሎ መኮብለሉ ቢሆን፣ ይህን የሚያሻሽለው ከራሱ መካከል ረግቶ የሚቆየውን እየመረጡ ከዚያ ንግሥት ማውጣት ነው።

ይህም ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን የሚዘልቀው አይደለም። ወጣቷ ንግሥት የምትገናኛቸው ድንጉላዎች ከጎረቤትና ከሩቅ ጎረቤት ቀፎ ስለሚመጡ፣ መርጦ ያወጣት አናቢ ልጆቿን ከማያውቃቸው አባቶች ጋር ይካፈላል። በየቀበሌው ያሉ አናቢዎች ተስማምተው፣ ሁሉም ከጥሩ መንጋ ንግሥት ካላወጡ፣ ምርጫው በሁለት ትውልድ ይቀልጣል።

ሌላው ችግር የጊዜ ስሌቱ ነው። የአንድ ቀን እጭ ከተነሣች ንግሥቲቱ እስክትወጣ 12 ቀን ገደማ፣ በርራ ተመልሳ እንቁላል እስክትጥል ሌላ አሥር ቀን፣ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪወጡ 21 ቀን፣ እነሱም ወደ አበባ እስኪሰማሩ ሦስት ሳምንት ያህል። በድምሩ ሁለት ወር ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ የተጀመረ ሥራ ለማር የሚደርሰው አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። ለመስከረም ይድረስ ከተባለ በሐምሌ መጀመር አለበት፤ በሐምሌ ደግሞ ለወጣት ንግሥት የሚሆን ፀሐይ የለም፣ ድንጉላዎቹም ጥቂት ናቸው። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ያለ አናቢ በመጋቢትና በሚያዝያ አበባ ንግሥቶቹን አውጥቶ፣ በክረምት ስኳር ቀልቦ ካቆያቸው ይሳካለታል። በልግ የሌለበት ግን አንዱን የመስከረም አበባ ለንግሥት ማሳደጊያ ሰጥቶ፣ ማሩን ከርሞ መጠበቅ ይኖርበታል።